የመትከያ ካክተስ ከሥሩ ቡናማ፣ በአንድ ጎኑ ነጭ እየሆነ ነው (ድሬዳዋ)

ሳቢያን ጓሮ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ያለሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሁለት ካክተስ አሉኝ፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ችግኝ ጣቢያ የመጡ ናቸው። አንደኛው ክብ፣ ቢጫ እሾህ ያለው፣ ወርዱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ከታች ባለ ሦስት ማዕዘን አረንጓዴ ግንድ፣ ከላዩ ቀይ ኳስ የሚመስል ነገር አለው። ሁለቱም በመጡበት ጥቁር ፕላስቲክ መትከያ፣ በመጡበት ቀላል ቡናማ አፈር ውስጥ ናቸው። በረንዳው ወደ ደቡብ ይመለከታል። በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውኃ ያገኛሉ።

ክቡ ከአፈሩ ጀምሮ ቡናማ እየሆነ ወደ ላይ እየወጣ ነው። በአንድ ጎኑ ደግሞ ከመስከረም ወዲህ መጀመሪያ ቢጫ፣ አሁን ነጭ ሆኗል። አፈሩ ላይና የመትከያው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል። ውኃ ሲፈስበት በጎን ወርዶ ወዲያው ከታች ይወጣል፣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል።

ቡናማው በሽታ ነው ወይስ እርጅና? አፈሩ ይቀየር ከተባለ እዚሁ ድሬ ከሚገኝ ነገር ምን በምን ያህል ይደባለቅ? የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይሆናል? ውኃውስ በስንት ቀን?

እሾህ ወዳድ

ሰላም እህቴ። የተለያዩ ችግሮች ናቸው አንድ ላይ የተደራረቡት፣ በአንድ መላ አይፈቱም።

ቡናማውን በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብለሽ ጫን በይው። እንደ እንጨት ጠንካራ ከሆነና ዙሪያውን እኩል ከወጣ ቅርፊት ነው፤ ክብ ካክተስ ዕድሜው ሲገፋ ከታች እንዲህ ይሆናል፣ ምንም አይደረግለትም። ከለሰለሰ፣ ሲጫን ውኃ ካወጣ ወይም ከሸተተ ግን መበስበስ ነውና ዛሬውኑ ከአፈሩ መውጣት አለበት። ቡናማው ከታች ሳይሆን ከአናቱ፣ ከአዲሱ እድገት የጀመረ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እንጠረጥር ነበር፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለውን በጣም ደቃቅ ተባይ።

የነጣው ጎን የፀሐይ ቃጠሎ ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድም። ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት፤ ያን ጊዜ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ጥላ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ወደ ደቡብ ትዞርና በየሳምንቱ ዝቅ እያለች በረንዳው ውስጥ ትገባለች። ክረምቱን በጥላ የከረመ ተክል ድንገት የቀትር ፀሐይ ያገኘዋል። ካክተስ የበረሃ ተክል ስለሆነ ፀሐይ አይጎዳውም የሚባለው ለለመደ ቆዳ ብቻ ነው የሚሠራው። የነጣው ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ ጠንክሮ ጠባሳ ይሆናል። እስካልለሰለሰ ድረስ አያሰጋም፣ ተክሉ ከአናቱ እያደገ ሲሄድ ጠባሳው ወደ ታች ይወርዳል።

ስለዚህ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ለ3 ሳምንት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ስስ ነጭ ጨርቅ፣ አሮጌ ነጠላም ይሁን፣ ይጋረድለት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየጨመርሽ ግለጪለት። አሁንም ቢሆን ዛሬውኑ ጋርጂው። የመትከያው ደቡብ ጎን ላይ በማርከር ነጥብ አድርጊና ስታነሺው በዚያው አቅጣጫ መልሺው፤ ያልለመደው ጎን ድንገት ወደ ፀሐይ ከዞረ እሱም ይቃጠላል። እኩል እንዲያድግ ማዞር ከፈለግሽ በደመናማ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አፈሩ። የመጣበት ቀላል ቡናማ ነገር ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ወይም ፒት (ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ዕፅዋት) ነው። ችግኝ ጣቢያ በየቀኑ በልክ ስለሚያጠጣ ይስማማዋል። ድሬ ሙቀት ላይ ግን አንዴ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይኮማተርና ከመትከያው ግድግዳ ይለያል፣ ውኃም አይቀበልም። በጎን ወርዶ የሚወጣው ለዚህ ነው። ውኃው እየወጣ ሥሩ እየተጠማ ነው ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀስ ብሎ ከጠጣ መሃሉ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቀመጥና ሥሩን ያበሰብሳል። ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት።

ለድሬዳዋ የሚሆን ቅልቅል በጣሳ ስንለካው፦

3 ጣሳ የታጠበ ሸካራ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር
1 ጣሳ የተሰበረ ሸክላ ወይም ጡብ፣ በዚያው መጠን (ፑሚስ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከተገኘ እሱ ይበልጣል)
1 ጣሳ በደንብ የበሰበሰና የተነፋ ብስባሽ

ብስባሹ የጫት ገረባ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ግን ቅጠሉ ቅጠል መምሰሉን እስኪተው፣ ሽታውም የአፈር እስኪሆን ድረስ የበሰበሰ መሆን አለበት። ጥሬው መትከያ ውስጥ ሲፈላ ሥር ያቃጥላል። ትኩስ ፍግም እንደዚያው ነው።

የደቻቱ አሸዋ ይሆናል፣ እንዳለ ግን አይደለም። ጎርፍ ያመጣው ስለሆነ ደለል ይበዛበታል፤ ደለሉ በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። በትንኝ መከላከያ ወንፊት ንፊውና የሚያልፈውን ደቃቅ ጣይ፣ የቀረውን ባልዲ ውስጥ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ እጠቢ። አምስት ስድስት ጊዜ ውኃ መቀየር ይጠይቃል። ከዚያ አንድ እፍኝ ወስደሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ አለው ማለት ነው። ቢጫ እሾህ ያለው ክቡ ይህን ይችላል፤ ሌሎች ብዙ ትናንሽ ዝርያዎች ግን አይወዱም፣ ለእነሱ የጡብ ስባሪውን ከፍ፣ አሸዋውን ዝቅ አድርጊ።

ቅልቅሉ ልክ መሆኑን ለማወቅ መትከያው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስሺ። ላዩ ላይ ሳይቆም ወዲያው ሰርጎ ከታች መውጣት አለበት። ላዩ ላይ ኩሬ ሠርቶ ከቆየ ደቃቅ አለበት፣ እንደገና ንፊ።

አንድ የተለመደ ነገር አታድርጊ፦ ከታች ትልልቅ ድንጋይ መደርደር። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትልቅ ድንጋይ በቀላሉ አይወርድም፤ ከድንጋዩ በላይ ያለው አፈር ረስርሶ ይቆያል፣ ረግረጉ ወደ ሥሩ ቀረበ ማለት ነው። ቀዳዳው ላይ አንድ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ ይበቃል።

የጁገል ደጅ

ከላይ የተባለው ለድሬ ልክ ነው። ይህን የሚያነብ የሐረር ሰው ግን እንዳለ እንዳይወስደው። ሐረር በከፍታ ከድሬ 600 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ ዝናቡ ይበዛል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ መትከያው ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ለእኛ ብስባሹ ከ7 ጣሳ አንድ ቢሆን ይበቃል፣ ሌላው ሁሉ ጠጠርና ስባሪ።

ጁገል ውስጥ ዋናው እጥረት ብርሃን ነው። ግቢዎቹ ጠባብና በግንብ የታጠሩ ስለሆኑ መሬት ላይ የተቀመጠ መትከያ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው ለሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል። ካክተስ በቀን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ካጣ አናቱ ይሾላል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ እሾሁ ይሳሳል፤ ያ የቀጠነው ክፍል ኋላ ፀሐይ ቢያገኝም አይወፍርም። ስለዚህ መሬት ላይ ሳይሆን ጣራ ጠርዝ ወይም ደረጃ ላይ ይቀመጥ። በኖራ የተቀባ ነጭ ግንብ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ግንቡ የሚመልሰው ብርሃን ጥላውን ጎን ይጠቅመዋል።

የሐረር ጥቅም አበባው ላይ ነው። ማሚላሪያ የሚባሉት ትናንሽ የካክተስ ዓይነቶች ከኅዳር እስከ ጥር ውኃ ሳያገኙ በቀዝቃዛ ሌሊት ካረፉ በኋላ በየካቲትና በመጋቢት ዙሪያቸውን አክሊል ሠርተው ያብባሉ። በበጋ ውኃ የሚሰጣቸው ሰዎች አያብብልንም ሲሉ ይሰማል፤ ዕረፍቱን የነፈጉት እነሱ ናቸው። የጠያቂዋ ክቡ ግን ወርዱ 35 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ስለማያብብ አበባ ባትጠብቅበት ይሻላል። የእሱ ውበት እሾሁ ነው።

ከዚራ 7

አፈር ከመቀየር በፊት አንድ ነገር፦ ካክተስ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ካክተስ አይደለም። በመርፌ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ነጭ ወተት ካወጣ ብዙውን ጊዜ የሜዳው ቁልቋል ዘመድ ነው። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ጉዳትም ያመጣል፤ ሲቆረጥ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፣ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ መታጠብ። ሕፃናት ባሉበት ቤት መሬት ላይ አይቀመጥ።

የጠያቂዋ ሁለቱ ግን ከገለጻው እውነተኛ ካክተስ ናቸው።

ሳቢያን ጓሮ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ተጫነ፤ ክቡ ጠንካራ ነው፣ አይለሰልስም። የቀዩ ግን አረንጓዴ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ለስለስ ብሎ ቀለሙ ወደ ቡናማ እየሄደ ነው። ቀይ ኳሱ ራሱ ደህና ነው። ይድናል?

ደግሞ ስለ ውኃው አልተመለሰልኝም። ማሰሮ ሸክላ ይሻላል የሚሉም አሉ።

እሾህ ወዳድ

የክቡን መንቀል ከሆነ እንዲህ ነው። ለአንድ ሳምንት ውኃ ከልክዪው፣ ደረቅ አፈር ሥር ሳይበጥስ ይለቃል። ጋዜጣ አራት አምስት ጊዜ አጥፈሽ እንደ ቀበቶ ጠቅልዪበት፣ በቀበቶው ጫፍ ይዘሽ ፕላስቲኩን ከጎንና ከጎን እየተጫንሽ ሳቢ። ፒቱን በእንጨት ጫፍ ቀስ እያልሽ ሙሉ በሙሉ አራግፊ። ሥሮቹን አንድ በአንድ ያዥ፤ ባዶ ቱቦ የሆነ፣ ሲሳብ ልጡ የሚንሸራተት ሥር የሞተ ነው፣ በመቀስ ይቆረጥ። ከተቆረጠ በኋላ ለ7 ቀን አየር በሚያገኝ ጥላ ይቀመጥ። ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ መበስበሱ የሚጀምረው በዚያ ነው። ከዚያ በደረቅ ቅልቅል፣ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት ሳታልፊ ትከዪው፤ ላዩን 1 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አልብሺ። የመጀመሪያው ውኃ ከተከላ ከአንድ ሳምንት በኋላ።

መትከያው ከተክሉ ወርድ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ለአንቺ 17 ይበቃል። ትልቅ ቦታ ስጪው የሚሉሽን አትስሚ፣ ሥር ያልደረሰበት አፈር ሳይጠጣ የሚቀር ውኃ ማከማቻ ነው።

ሸክላ ወይስ ፕላስቲክ የሚለው ላይ ለድሬ ያለኝን አስተያየት ልንገርሽ። ጥቁር ፕላስቲክ በቀጥታ ፀሐይ ውስጡ ያለውን አፈር ከ45 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ይችላል፣ ያ ደግሞ ሥር ያበስላል። የዘይት ቆርቆሮም ከዚያ አይሻልም። ሸክላ በላቡ ይቀዘቅዛል፤ ግን ትንሽ ሸክላ እዚህ ሙቀት ላይ በሁለት ቀን አጥንት ሆኖ ይደርቃል፣ ግድግዳውም የውኃውን ጨው ይመጥጥና ያከማቻል። ከሁሉም የሚሻለው ድርብ ነው፦ ተክሉ ያለበት ፕላስቲክ፣ በ4 ሴንቲ ሜትር ሰፋ ያለ ሸክላ ውስጥ ይግባ፣ መሃላቸው ያለው ክፍተት በጠጠር ይሞላ። ሸክላው ጥላ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ እርጥበቱን ይቆጣጠራል። ሁለቱም ከታች ቀዳዳ ይኑራቸው።

ውኃው። የድሬ ውኃ ኖራ እንደሚበዛበት የሻይ ማንቆርቆሪያችን ይመሰክራል፤ አፈርሽ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት ያው ነው። ኖራ ሲከማች አፈሩ ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን አልለቅም ይላል፣ ተክሉም ሥሩ ደህና ሆኖ ይገረጣል። መላው እንዲህ ነው። የክረምት ዝናብ የሚያህል የለም፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የጣራ እጣቢ አሳልፈሽ ጀሪካን ውስጥ ያዥና በጨለማ አስቀምጪ። ካለቀ የቧንቧውን አፍልተሽ አቀዝቅዢ፣ ነጩ ታች ሲዘቅጥ የላዩን ቅጂ። ለሁለት መትከያ ይህ አይከብድም። ወይም ለ4 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪ፤ 5 በመቶ የሚለው የምግብ አቼቶ መሆኑን ዕቃው ላይ አረጋግጪ፣ የተጠናከረው አሲድ አደገኛ ነው።

በብርጭቆ መለካቱንና በቀን መቁጠሩን ተዪው። ቀጭን እንጨት እስከ ታች አስገብተሽ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጪው፤ እርጥብ ወይም ጭቃ የያዘ ከሆነ ጠብቂ። ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጪ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፊ። እንደ መነሻ ከየካቲት እስከ ግንቦት በየ7 ወይም በየ10 ቀኑ፤ ከኅዳር እስከ ጥር በወር አንዴ። በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ከነካው ምንም አትጨምሪ፣ ለቀናት ከዘነበ ደግሞ ከጣራ ክንፍ ሥር አስገቢው። ይህ ዝርያ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን እዚያም ዝናቡ በሞቃት ወራታቸው፣ በእኛ ክረምት ነው፤ ወቅቱ ብዙም አይዛነፍበትም።

ሰኔ ለብቻው ይነገር። ካክተስ የቆዳውን የአየር ቀዳዳ የሚከፍተው ሌሊት ነው፤ ቀን በሙቀት ውኃው እንዳይተን ይዘጋዋል። የድሬ ሰኔ ሌሊቱ ራሱ ሲሞቅ በሚገባ መተንፈስ ያቅተውና እድገቱን ያቆማል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ተጠማ ብሎ ውኃ ይደራርባል፤ የማይጠጣ ሥር በሞቀ ውኃ ሲቀመጥ በጥቂት ቀን ይበሰብሳል። በሰኔ ቀንሺ፣ ስታጠጪም ከመሸ በኋላ፣ መትከያው ሲቀዘቅዝ።

ማዳበሪያ ላይ አጭር ነኝ፦ ዩሪያ በፍጹም። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክሉ ውኃ ጠጥቶ ይነፋና ቆዳው ይሰነጠቃል። በውኃ የሚሟሟ የአበባ ማዳበሪያ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩቡን፣ በመጋቢትና በመስከረም አንድ አንድ ጊዜ ይበቃል። አፈር በተቀየረበት ዓመት ምንም።

ዕፅዋት ሐኪም

የቀዩን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ያ አንድ ተክል አይደለም፣ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተዳቅሎ። ቀዩ ኳስ አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግቡን ራሱ መሥራት አይችልም፣ የሚኖረው ከታች ባለው ግንድ ነው። ስለዚህ ግንዱ ሲበሰብስ ቀዩ ደህና መምሰሉ አያጽናና፤ ቀን ነው የቀረው። ፈጥነሽ ሥሪ።

ስለታም ቢላ ወይም የካርቶን መቁረጫ ምላጭ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊ። ግንዱን ከለሰለሰው በላይ በአግድም ቁረጪና የተቆረጠውን ፊት ተመልከቺ። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ቀለበት አንድም ቡናማ ወይም ብርቱካንማ ነጥብ ሊኖረው አይገባም። ካለ ምላጩን እንደገና በአልኮል ጠርገሽ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቁረጪ፤ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ። ነጥቧን ትተሽ ከተከልሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይበሰብሳል።

ከቀዩ በታች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ግንድ ከቀረ ሥራው ቀላል ነው። የተቆረጠውን ፊት የተፈጨ ቀረፋ ነስንሺበት፣ ጥላ ላይ አቁመሽ ለ7 ቀን አድርቂ። አታስተኚው፣ ከተኛ ሥሩ በጎን ይወጣል። ከዚያ በደረቅ ቅልቅል 2 ሴንቲ ሜትር አስገቢውና በቀጭን እንጨት ደግፊው። ሥር እስኪያወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ ላዩን ብቻ አልፎ አልፎ አርጥቢ። ቀስ ብለሽ ስትነኪው ካልተነቃነቀ ሥር ሰዷል።

ግንዱ በሙሉ ከተበላሸ ቀዩን በሌላ ጤነኛ ግንድ ላይ ማዳቀል ነው የሚቀረው። የሁለቱንም ፊት በአግድም ለስላሳ አድርገሽ ቁረጪ፣ የግንዱን ሦስት ጠርዞች እንደ እርሳስ ሰያፍ ክርከሚ፤ ካልተከረከመ ፊቱ ሲደርቅ ይሰረጉድና ይላቀቃሉ። ሳይደርቁ ወዲያው አጋጥሚያቸው። ዋናው ምስጢር ሁለቱ የመሃል ቀለበቶች መነካካታቸው ነው። የቀዩ ቀለበት ከግንዱ ስለሚያንስ ወይም ስለሚበልጥ ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም፤ ጎን ለጎን ገፋ አድርገሽ ቢያንስ በአንድ ቦታ ይቆራረጡ። አየሩ እንዲወጣ ትንሽ አሽከርክረሽ ተጫኚ፣ ሁለት ላስቲክ በመስቀል አስሪ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን በደረቅ ጥላ። ፊቱ ላይ ውኃ አይንካው።

ከዳነ በኋላ እንደ ክቡ አትያዢው። ግንዱ በዛፍ ላይ የሚወጣ የሞቃታማ ደን ካክተስ ነው፣ ሙሉ በሙሉ መድረቅን አይወድም፤ ላዩ ሲደርቅ አጠጪው። የድሬ ቀትር ፀሐይም ይጠብሰዋል፣ ብሩህ ጥላና የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ለሐረር ሰው ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቤት ይግባ።

ሳቢያን ጓሮ (ጠያቂ)

5 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ግንድ ቀርቷል፣ ቀለበቱ ንጹሕ ነው። እየደረቀ ነው። ክቡ ላይ በእሾሁ መሃል ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ፤ ጉንዳንም ይመላለሳል። የድኝ ዱቄት ይነስነስበት?

ዕፅዋት ሐኪም

አይ፣ ድኝ ተዪ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ድኝ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ድሬ ደግሞ በጥቅምትም ከዚያ ታልፋለች።

ጥጡ ጥጥ ለባሽ ተባይ ነው። በእንጨት ጫፍ ጨፍልቂው፤ ደማቅ ቀይ ካወጣ በለስን የሚያጠቃው ኮቺኒል ነው፣ ካላወጣ ተራው። ሕክምናው ለሁለቱም አንድ ነው፦ የጆሮ ጥጥ 70 በመቶ አልኮል ነክረሽ አንድ በአንድ ንኪያቸው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። በየ7 ቀኑ ደግሚ፣ አራት ጊዜ፤ እንቁላሉ በአልኮል ስለማይሞት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያደርግ ሰው ከሳምንት በኋላ እንደ አዲስ ይጀምራል። አናቱ ላይ ያለውን የራሱን ቢጫ ነጭ ሱፍ ግን ከተባይ እንዳታምታቺው፣ እሱ አይነካ።

ጉንዳኑ ከተባዩ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሰ ወደ ሌላ መትከያም ያዛምተዋል። መትከያውን በሦስት ድንጋይ ላይ አቁመሽ ውኃ ባለበት ሳህን መሃል አስቀምጪው፤ ውኃው ከመትከያው በታች ይሁን እንጂ ቀዳዳውን አይንካ። ክቡን ስትነቅዪም ሥሩን እዪ፣ እዚያም ነጭ ዱቄት ካለ አፈሩን በሙሉ ጣይ፣ ሥሩን በውኃ እጠቢ፣ ከዚያ ያን የ7 ቀን ማድረቂያ ወደ 10 ቀን አራዝሚው።